ከፊደሉ በፊት የምትቀድም ጥያቄ



ዛሬ የምናካፍላችሁ ታሪክ ከራሳችን ጥፋት ይጀምራል። በቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ባለችው ክፍል ለጎልማሶች የማታ ንባብ ትምህርት ስንከፍት ጥሩ የመመዝገቢያ ቅጽ አዘጋጅተን ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር፣ «ከዚህ በፊት ተምረዋል ወይስ አልተማሩም?» የሚል ነው። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ምን እንደሚያስፈልጋቸው እኛ እናውቅ ነበርና! ወገኖቻችን መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ዓይን እንዲያነቡ እንፈልግ ነበር። ከሕፃናት ክፍል የፊደል መጽሐፎችን ተውሰን፣ ጠመኔ ገዝተን፣ ጸልየን ጀመርን።

በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሏ ሞላች። በወሩ መጨረሻ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ሆነ። ከቀሩት መካከል አንዲት እናት ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን አንድ እሑድ እንኳ የማይቀሩ፣ በጸሎታቸው ብዙዎቻችንን የደገፉ። ታመው ይሆናል ብለን ልንጠይቃቸው ሄድን። አልታመሙም። ቡና አፈሉልን፤ ስለ ልጆቻችን ጠየቁን። ሦስተኛው ስኒ ላይ ሲደረስ ነገሩን አወጡት።

«ልጆቼ፣ አትቀየሙኝ። ልጄ ዐረብ አገር ናት። በስልክ ትጽፍልኛለች። የምታነብልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። ልጄ በሰው ቤት የደረሰባትን ሁሉ ሰፈሩ ከእኔ እኩል ይሰማዋል። እኔ እሷ የጻፈችውን ብቻዬን ላነብ ነበር የመጣሁት። እናንተ ደግሞ ‹ኳስ› አስጻፋችሁኝ። እኔ ኳስ ምን ያደርግልኛል?»

ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። አንድ ነገር ግን ሁላችንም ገብቶናል። እኒህን እናት ለዓመታት እናውቃቸዋለን፤ ለምን ማንበብ እንደፈለጉ ግን አንድም ቀን አልጠየቅናቸውም።

ከዚያ ወዲህ ከእኛ በፊት ጎልማሶችን ያስተማሩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ማገላበጥ ጀመርን። ያገኘነው ታሪክ ገሥጾናል፤ አጽናንቶናልም።

ጌታችን የጠየቀው ጥያቄ

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ በርጤሜዎስ የተባለው ዓይነ ስውር በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲጮኽ እናገኘዋለን። ጌታ አስጠራው። ዓይነ ስውር ሰው ከጌታ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም፤ ሕዝቡ ሁሉ ያውቀዋል። ጌታ ግን ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው። ልመናውን በራሱ አንደበት እንዲናገር ዕድል ሰጠው። ሌሎች ዝም በል ያሉትን ሰው ጌታ ተናገር አለው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ደግሞ ፊልጶስ በሠረገላ ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ የነበረውን የአገራችንን ሰው፣ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ አገኘው። ወዲያው ስብከት አልጀመረም። የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው። ከዚያም ሰውየው ካለበት ቦታ፣ ካነበበው ክፍል ተነሥቶ ወንጌልን ነገረው። ሁለቱም ታሪኮች ከጥያቄ ይጀምራሉ። እኛ ግን የጀመርነው ከመልሱ ነበር።

የእምኩሉዋ አስቴር

ከአገራችን አካባቢ እንጀምር። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረ። በዚያ ከባርነት ነፃ የወጡ ሁለት የኦሮሞ ልጆች ይሠሩ ነበር። አንዱ በልጅነቱ ተሸጦ በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነፃነቱን ያገኘው አናሲሞስ ነሲብ ነው። ሁለተኛዋ በ1886 እ.ኤ.አ. ነፃ ወጥታ ወደዚያ ትምህርት ቤት የገባችው አስቴር ጋኖ ናት።

አናሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም ከልጅነቱ ጀምሮ ከሕዝቡ ርቆ ስለኖረ ቋንቋው በብዙ ቦታ አልበቃው አለ። አስቴር ግን የቋንቋ ስጦታ ነበራት። ቃላቱን ሰበሰበች፤ ለመዝገበ ቃላት መሠረት ጣለች። በልቧ የያዘቻቸውን ተረቶች፣ ዘፈኖች፣ እንቆቅልሾችና ምሳሌያዊ ንግግሮች 500 ያህል አድርጋ ጻፈች። በ1894 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ሲታተም በውስጡ የገባው ይኸው የሕዝቡ የራሱ ንግግር ነበር። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው ከዚያ በኋላ በ1899 እ.ኤ.አ. ነው።

 እነዚህ ሰዎች ከማንም ይልቅ ቅዱስ መጽሐፉ እንዲነበብ የጓጉ ነበሩ። ሆኖም ለጀማሪው አንባቢ ያዘጋጁለት አያቱ ማታ ማታ የምትነግረውን ተረት ነው። የሚያውቀውን ቃል በፊደል ሲያየው ፊደል የባዕድ ነገር መሆኑ ይቀራል። አስቴር ይህን ማድረግ የቻለችው ሕዝቡ የሚናገረውን በጥንቃቄ ስለሰማች ነው።

ማንበብ ወንጀል የነበረበት ምድር

ሁለተኛው ታሪክ ከእኛ ሩቅ ነው። ቦታው በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ከቻርልስተን ከተማ አጠገብ ያለው ጆንስ ደሴት ነው። የደሴቱ ጥቁር ነዋሪዎች በሩዝና በጥጥ እርሻዎች ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ አፍሪካውያን ልጆች ናቸው። በዚያ ግዛት በ1740 የወጣው ሕግ ባሪያን መጻፍ ማስተማርን ከለከለ፤ በ1834 የወጣው ደግሞ ማንበብ ማስተማርንም ጨምሮ አገደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ በዚያ ደሴት ላይ አንድ ሽማግሌ ማንበብ አይችልም ሲባል ሰነፍ ነበር ማለት አይደለም። ከጀርባው የመቶ ዓመት የተቆለፈ በር አለ። የሰውን የኋላ ታሪክ ሳይጠይቁ ማስተማር ይህን በር አለማየት ነው።

በ1916 ሴፕቲማ ፖይንሴት የተባለች የ18 ዓመት ወጣት መምህርት ወደ ደሴቱ መጣች። በኋላ በባሏ ስም ሴፕቲማ ክላርክ ተብላ የታወቀችው ናት። አባቷ በባርነት የተወለደ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ቻርልስተን በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁር መምህራንን ስለማትቀጥር ሥራ የተገኘው በገጠር ነው። እርሷና አንዲት ባልደረባዋ 132 ልጆች ያስተምሩ ነበር። ደመወዟ በወር 35 ዶላር ሲሆን፣ በአቅራቢያው ሦስት ነጮች ልጆችን የምታስተምረው ነጭ መምህርት 85 ዶላር ታገኝ ነበር።

መጽሐፍ በቂ አልነበረም። ሴፕቲማ ግን ተማሪዎቹ ስለ አካባቢያቸው እንዲነግሯት አደረገች። የሚመጡበትን መንገድ፣ በዙሪያቸው የሚበቅለውን፣ በሰማይ ላይ የሚያዩትን ነገሯት። እርሷም ንግግራቸውን ከልብስ ንጽሕና ቤት በሚገኝ የወረቀት ከረጢት ላይ ጽፋ በግድግዳ ለጠፈችው። ተማሪዎቹ ያነበቡት የራሳቸውን ቃል ነበር። ማታ ማታም ጎልማሶች ወደ እርሷ ይመጡ ጀመር። አንዳንዶቹ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ፈለጉ፤ አንዳንዶቹ በማኅበራቸው ስብሰባ ፊት ቆመው መናገር።

በአውቶቡስ ላይ የተነሣ ልመና

አርባ ዓመት ያህል አለፈ። በደሴቱ ላይ ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል ገበሬና ነጋዴ ነበር። እርሱ ራሱ ገና አራተኛ ክፍል ሳለ ነው ትምህርቱን ያቋረጠው። በአውቶቡሱ ሠራተኞችን በየጠዋቱ ወደ ቻርልስተን ያመላልስ ነበር። በዚያ ግዛት ለምርጫ ለመመዝገብ የሚፈልግ ሰው ከግዛቱ ሕገ መንግሥት ክፍል አንብቦ ማሳየት ይጠበቅበት ነበር፤ ይህም ብዙ ጥቁሮችን ከምርጫ ያስቀረ ወጥመድ ነበር። ኢሳው የሕገ መንግሥቱን ክፍል ለተሳፋሪዎቹ እያከፋፈለ፣ እየነዳ ያስጠናቸው ጀመር።

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ አሊስ ዋይን ትባላለች። ብዙ ትምህርት ባታገኝም የማስታወስ ችሎታዋ ልዩ ነበር፤ ሌሎች ሲያነቡ እየሰማች ክፍሉን በቃሏ ያዘችው። ነገር ግን በቃል መያዝ አላረካትም። በእውነት ማንበብ እንደምትፈልግ፣ የሚያስተምራት ብታገኝ እንደምትማር ለኢሳው ነገረችው። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ የመነጨው ከዚህች ሴት ልመና ነው። ፕሮግራሙ በቢሮ አልታቀደም። አንዲት ሴት የምትፈልገውን ተናገረች፤ የሰማትም ሰው ተገኘ።

ኢሳው በቴኔሲ ግዛት ሃይላንደር በሚባል የጎልማሶች ማሠልጠኛ ያገኛቸውን ሰዎች እርዳታ ጠየቀ። በዚያ ሴፕቲማ ክላርክ ነበረች። በ1956 ግዛቱ ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው የኤንኤኤሲፒ ማኅበር አባላት በመንግሥት ሥራ እንዳይቀጠሩ ሕግ አውጥቶ ነበር። እርሷ አባልነቷን አልክድም በማለቷ ከአርባ ዓመት አገልግሎት በኋላ ከሥራም ከጡረታም ተፈናቀለች። ሃይላንደር ግን በሠልጣኞች ጉባኤዎች ኃላፊነት ተቀበላት።

በጆንስ ደሴት ኢሳውና ጓደኞቹ በሃይላንደር ብድር አንድ አሮጌ ሕንፃ ገዙ። ከፊት ለፊት የኅብረት ሱቅ ከፈቱ፤ ከኋላ ባሉት ክፍሎች ትምህርቱ ይሰጣል። ሱቁ የቆመው በመንገድ የሚያልፉት ነጮች ከኋላ ያለውን እንዳይጠረጥሩ ነው። ሰዎቹ የሚፈሩት ሌላ ሰው ነበር፤ በእኛ ክፍል ያሉት ደግሞ ሀፍረትን ይፈራሉ። ነገር ግን ጎልማሳ ሰው እንዳይታይ ተደብቆ ፊደል ለመቁጠር ሲገባ ምን ያህል እንደከፈለ ሁለቱም ያስተምሩናል።

ያልሠለጠነችው መምህርት

መምህር ማን ይሁን? የሃይላንደር መሥራች ማይልስ ሆርተንና ሴፕቲማ ዲፕሎማ ያለው መምህር አልፈለጉም። የሠለጠነ መምህር ሥርዓተ ትምህርቱን ይዞ ይመጣል፤ ጎልማሶቹንም እንደ ሕፃናት ይቆጥራል ብለው ሠጉ። የመረጧት በርኒስ ሮቢንሰንን ነው። የሴፕቲማ ዘመድ ናት፤ ፀጉር ሠሪና ልብስ ሰፊ። እኔ መምህር አይደለሁም እያለች ብትከራከርም አልለቀቋትም። ፀጉር ሠሪ ሰው ሲናገር መስማት ታውቃለች። ምናልባትም ይህ ከዲፕሎማ ይበልጥ ነበር።

ጥር 7 ቀን 1957 ምሽት 14 ሰዎች መጡ። በርኒስ ከመምህርት ዘመዷ የተዋሰችውን የሕፃናት መማሪያ ይዛ ነበር የገባችው። (እኛም ያደረግነው ይህንኑ አይደል?) በእኛና በእርሷ መካከል ያለው ልዩነት ግን እርሷ በአንድ ምሽት ማስተዋሏ ነው። መጽሐፎቹ ለእነዚህ ሰዎች ክብር እንደማይመጥኑ ገባትና ወደ ጎን አደረገቻቸው። ከዚያ እርሷም ለመማር እንደመጣች፣ እርስ በርስ እንደሚማማሩ ነገረቻቸው። ምን መማር እንደሚፈልጉም ጠየቀቻቸው።

መልሱ መጣ። ስማቸውን መጻፍ ይፈልጋሉ። መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ይፈልጋሉ። ጋዜጣ ማንበብ፣ በሩቅ ካሉ ልጆቻቸው የሚመጣውን ደብዳቤ ማንበብ ይፈልጋሉ። በፖስታ ገንዘብ የሚላክበትን ቅጽና ከካታሎግ ዕቃ የሚታዘዝበትን ወረቀት መሙላት ይፈልጋሉ። ለምርጫ መመዝገብም ይፈልጋሉ።

ይህን ዝርዝር ስናነብ አንዲት እናታችን ትዝ አሉን። ደብዳቤው ከሩቅ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ደብዳቤው ስልክ ላይ ሆነ እንጂ ናፍቆቱ ያው ነው።

በርኒስ ትምህርቷን ከመልሶቻቸው ሠራችው። ስም ለመጻፍ የእያንዳንዱን ስም በካርቶን ላይ ትጽፍና ተማሪው እጁ እስኪለምድ ድረስ በእርሳስ ይከተለዋል። ካርቶኑ የያዘው «ኳስ» ሳይሆን የእርሱን ስም ነው። የዕቃ ማዘዣና የገንዘብ መላኪያ ቅጽ እያመጣች አብረዋት ይሞሉ ነበር። ሒሳቡም ከሱቅ ማስታወቂያና ከመኪና ነዳጅ ተወሰደ። የምርጫ ሕጉን ክፍል በየቃሉ ፈታችው። በግድግዳው ላይ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች መግለጫን ሰቀለች፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ሁላቸውም ይህን እንዲያነቡ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። የለመኑትን አስተማረቻቸው፤ ከለመኑት በላይም ዓይናቸውን ወደ ላይ አነሣች። መጠየቅ ማለት ተማሪው ከሚያውቀው በላይ አለማለም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት ይሰጥ ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል የ65 ዓመት እናት ነበሩ። አንድ ምሽት በርኒስ የተማሪዎቹን ስሞች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈች። እኒህ እናት ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ፤ ማስመሪያውን ይዘው ከስሞቹ ሁሉ መካከል የራሳቸውን ለዩና ይህ የእኔ ስም ነው አሉ። በርኒስ ያን ጊዜ ሰውነቷ እንደወረራት በኋላ ተናግራለች። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሄደው ለምርጫ ተመዘገቡ፤ አሊስ ዋይንም ከእነርሱ አንዷ ነበረች።

ያዳመጡትን ያላዳመጡ

ወሬው ወደ ዋድማሎውና ኤዲስቶ ደሴቶች፣ ወደ ሰሜን ቻርልስተንም ደረሰ። በሰሜን ቻርልስተን ክፍሉ የተከፈተው በፀጉር ቤት ውስጥ ነው። በ1961 ሃይላንደር በመንግሥት ሲዘጋ ሥራው በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደሚመራው የደቡብ ክርስቲያናዊ አመራር ጉባኤ ተላለፈ። በጆርጂያ ግዛት ዶርቼስተር በሚባል የቤተ ክርስቲያን ማዕከል ሴፕቲማ፣ ዶሮቲ ኮተንና ወጣቱ ፓስተር አንድሩ ያንግ ከየመንደሩ የሚመጡ ሰዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። ሴፕቲማ ከአሠልጣኞቹ የምትፈልገው ብዙ አይደለም። ጮክ ብሎ በደንብ የሚያነብ፣ በሰሌዳ ላይ ጥርት አድርጎ የሚጽፍ፣ በመንደሩ የተከበረ ይሁን እንጂ ገበሬም ልብስ ሰፊም መሆን ይችላል። ከእነዚህ ክፍሎች በመላው ደቡብ በመቶ የሚቆጠሩ ተከፈቱ።

የታሪኩን ሌላ ገጽታም እንድንነግራችሁ ግድ ይለናል፤ እኛንም የሚነካን ነውና። ያን ትልቅ ክርስቲያናዊ ድርጅት የሚመሩት አብዛኞቹ ሰባኪዎች ናቸው። ሴፕቲማ በኋላ በጻፈችው ትዝታዋ በዚያ ውስጥ የሴት ሐሳብ እምብዛም እንዳልተሰማ ተናግራለች። አንድ ጊዜ ለዶክተር ኪንግ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ሰልፉን ሁሉ እርሱ ብቻ እንዳይመራ፣ ሌሎችንም መሪዎች እንዲያፈራ የሚመክር ነው። ደብዳቤው ለሠራተኞቹ ሲነበብ ሳቁ። ስለ ድምፅ አልባዎች በድፍረት የሚናገሩ አገልጋዮች አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ድምፅ ሳይሰሙ ቀሩ። ይህን የምንጽፈው ልንፈርድባቸው አይደለም። ከመድረክ ብዙ የሚናገር ሰው መስማት እንዴት እንደሚያቅተው ከራሳችን ስለምናውቅ ነው።

ሴፕቲማ ክላርክ በታኅሣሥ 1987 በ89 ዓመቷ አረፈች። ያረፈችውም በ18 ዓመቷ ማስተማር በጀመረችበት በዚያው በጆንስ ደሴት ነው።

ዳግመኛ ስንጠይቅ

ወደ ራሳችን ክፍል እንመለስ። ይህን ካነበብን በኋላ ቅጹን ተውነው። ከተማሪዎቹ ከእያንዳንዳቸው ጋር፣ የቀሩትንም ጨምረን፣ ለብቻ ለብቻ ተቀመጥን። በጉባኤ ፊት አልጠየቅንም፤ ወረቀትም ይዘን አልተቀመጥንም። ማንበብ ለማይችል ሰው ፊቱ ላይ መጻፍ ምን ስሜት እንደሚሰጥ አሁን ገብቶናል። ለምን አልተማሩም የሚለውንም ጥያቄ ተውነው፤ ክስ ይመስላልና። በምትኩ ልጅነትዎ እንዴት ነበር፣ እስከ ዛሬ የሚያነብልዎ ማን ነው፣ ማንበብ ቢችሉ መጀመሪያ የሚያነቡት ምንድን ነው ብለን ጠየቅን።

የሰማነውን ሁሉ አንጽፍም፤ በአደራ የተነገረን ነውና። ጥቂቱን ግን ፈቅደውልናል። አንድ አባት በጉልበት ሥራ ሲቀጠሩ የደመወዝ መዝገብ ላይ የጣት አሻራ ማድረጉ እንደሚያሳፍራቸው ነገሩን፤ «ቀለሙ ከእጄ ይለቃል፣ ከልቤ አይለቅም» አሉ። አንዲት እህት የሆስፒታል ቀጠሮ ካርድ ማንበብ ስላልቻለች ቀኑ አልፎባት ታውቃለች። አንድ ወንድም ደግሞ «እኔ ምንም አልፈልግም፣ ሚስቴ ናት የላከችኝ» ብሎ አሳቀን። ሚስቱ ለምን እንደላከችው እስኪነግረን ሁለት ሳምንት ፈጀ። ለዓመታት በቤተ ክርስቲያን ያገለገለ ሰው ነው። ጥቅስ ሁሉ በቃሉ ስላለ የማያነብ መሆኑን ከእርሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መድረክ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ በያዘ ቁጥር ሲፈራ ኖሯል።

ሌላ ያልጠበቅነው ነገር ደግሞ ሰማን። ከእናቶቻችን ሁለቱ ከዚህ በፊት ማንበብ ችለው ነበር! ደርግ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተማሩት መካከል ናቸው። ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነበር። አንደኛዋ የምስክር ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው እስከ ዛሬ አስቀምጠውታል፤ በላዩ ላይ የተጻፈውን ግን አሁን ማንበብ አይችሉም። ከዘመቻው በኋላ በእጃቸው የሚገባ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ቀስ በቀስ ጠፋባቸው። እኛ «ያልተማሩ» ብለን መዝግበናቸው ነበር። ለካ የሚያስፈልጋቸው ከ«ሀ» መጀመር ሳይሆን የጠፋውን ማስታወስና የሚነበብ ነገር ማግኘት ነው። ባንጠይቅ ኖሮ ይህን በምን እናውቀው ነበር?

አንድ ፍርሃት እንደነበረን እንመስክር። እያንዳንዱ የቀጠሮ ካርድና የስልክ መልእክት ሲያመጣ የእግዚአብሔር ቃል ወደ ኋላ የሚቀር መሰለን። የሆነው ሌላ ነው። በርኒስ ስትጠይቅ መጽሐፍ ቅዱስ በዝርዝሩ ውስጥ እንደነበረ ሁሉ በእኛም ክፍል ብዙዎቹ ሳንነግራቸው ራሳቸው አነሡት። ልዩነቱ አሁን የእነርሱ ናፍቆት መሆኑ ነው። ያነሡትም ያላነሡትም ግን እኩል ይማራሉ። የልጇን ደብዳቤ ለማንበብ የመጣችን እናት «መጀመሪያ መዝሙር 23ን አንብቢ» ማለት ከወንጌል የራቀ እንደሆነ አምነናል። ፊልጶስ ወደ ጃንደረባው ሠረገላ ወጣ እንጂ ጃንደረባውን ከሠረገላው አላወረደውም።

እኒያ እናት ተመልሰዋል። አሁን ትምህርታቸው በልጃቸው ስም ጀምሮ በልጃቸው መልእክት ይሄዳል። ገና ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት፤ «ጨ» እና «ጬ» አሁንም ይጣሉባቸዋል። ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ ስልካቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹ ወጥተው አለቁ። እርሳቸው ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ስልኩን በነጠላቸው ጠቅልለው ተነሡ፤ ደኅና እደሩ ብለውን ወጡ።

ምን እንደተጻፈላቸው አልጠየቅናቸውም። ይህ አንዱ ብቻ ያልተጠየቀ ጥያቄያችን ልክ ነበር።

ለራሳችን እንጠይቅ

ወገኖች፣ በአጠገባችን ዘወትር የምናገለግላቸው፣ የሚያስፈልጋቸውን ግን ጠይቀናቸው የማናውቅ እነማን አሉ? በቤታችን ያሉ ወላጆች፣ በኅብረታችን ዝም ብለው የሚቀመጡ፣ መዝሙር ሲታደል መጽሐፉን ለጎረቤት የሚያሳልፉ? እናንተ ራሳችሁ ማንበብ ሳትችሉ ይህ ጽሑፍ እየተነበበላችሁ ያላችሁም እንዳላችሁ እናምናለን። በእግዚአብሔር ፊት የሚያሳፍር ነገር የላችሁም። ጌታ የሚጠይቃችሁ ለምን አልተማራችሁም ብሎ ሳይሆን ምን ላድርግላችሁ ብሎ ነው።

*ጌታ ሆይ፣ ከመናገራችን በፊት የምትሰማን አንተ ነህ። ለመናገር የምንቸኩለውን አፋችንን ያዝ፤ ለመስማት የዘገየውን ጆሯችንን ክፈት። ስማቸውን ለመጻፍ ለሚታገሉ እጆች ብርታትን ስጥ፤ ስማቸው በአንተ ዘንድ ቀድሞ የተጻፈ መሆኑንም አስታውሳቸው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።*